መርዶውን የቀደመ ስልክ

ወንድሜ ከሞተ ከወራት በኋላ ለእናታችን ደወለላት።

የሰማሁት እንዲህ ሆኖ ስለሆነ የምጽፈውም እንዲሁ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ክርና የልብስ ቁልፍ ከምሸጥባት ትንሽ ሱቄ ወደ ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ሁዳዴ ስለነበር በጾም ከስታለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። ገና በሩን ሳልዘጋ «ወንድምሽ ደወለ» አለችኝ።

ቦርሳዬን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል፣ መርቂኝ አለኝ፤ መረቅሁት። አንቺ ስልኩ ተሰርቆበታል ስትዪኝ ነበር፤ ይኸው አዲስ ገዝቷል።»

ስልኩ ተሰርቆበታል ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ኔትወርክ የለም ብያለሁ፤ ከዚያም በፊት ሱቁን ወደ ሌላ ከተማ አዛውሯል ብያለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ነበረው። ከገና በፊት አንድ ምሽት ዘራፊዎች ገብተው ገደሉት። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩትና ለኔ ደወሉልኝ። ለእናት መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከቦ፣ ሲወድቁ የሚደግፍ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እናቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን በልብ ሕመም ተኝታ ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት ብሎ አስጠንቅቆናል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። ልደታ ማርያም ጀርባ ካለው ቤታቸው ሰበሰቡንና «ትንሽ ትጠንክር» አሉ። ትንሽ ስትጠነክር ገና ደረሰ፤ በዓሉን አናበላሽባት ተባለ። ከዚያ ጥምቀት መጣ። ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ባዶ ሆዷን አትችለውም ተባለ። የኛ ሰው መርዶ ለመደበቅ ምክንያት ቸግሮት አያውቅም። አክስቴ እኛ ዘንድ ስትመጣ ጥቁር ልብሷን የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየችን ልብስ ሰፊ ቤት፣ ተከራያችን ዘንድ አውልቃ፣ ነጭ ነጠላ ደርባ ነበር ወደ እናቴ የምትገባው። የሠፈሩ ሰው በሙሉ ያውቃል። እናቴ በአብነት ሠፈር መንገድ ስታልፍ ባለሱቆቹ ተነስተው ሰላም ሲሏት ዘንድሮ ሰው ሁሉ ጨዋ ሆኗል እያለች ትገረም ነበር።

ከደወለው ሰው ጋር ምን እንዳወሩ አንድ በአንድ አስነገርኳት። «እማዬ፣ አላወቅሽኝም?» ብሏታል። እሷ የወንድሜን ስም ጠርታ «አንተ ነህ?» ስትለው «ታዲያ ሌላ ማን ይሆናል?» ብሎ ስቋል። ድምፅህ ምነው ስትለው ብርድ መትቶኝ ነው ብሏል። ስሙን የሰጠችው እሷ፣ የሚኖርበትን አገር የነገረችው እሷ። እሱ እሺ፣ እሺ ብቻ ነው ያለው።

አጭበርባሪ መሆኑን ወዲያው አውቄያለሁ። እንዲህ ዓይነት ስልክ ያልተደወለለት ሰው ሠፈራችን ውስጥ የለም፤ አንዱን ሎተሪ ወጣልህ ይሉታል፣ ሌላውን ከባንክ ነው የምንደውለው ይሉታል። እናቴም ሞኝ አይደለችም። አንድ ጊዜ ሽልማት ደርሶዎታል ሲሏት «ዕጣ ሳልቆርጥ ነው የወጣልኝ? ሌባ!» ብላ ዘግታባቸው፣ ታሪኩን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ስትተርክ ከርማለች። የማላውቀውን ሰው ስልክ አላነሳም ትላለች። ይሄ ግን የማታውቀው ሰው አይደለም፤ ልጇ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ሌባ ነው» አልኳት። «እሱ አይደለም።»

«የልጄን ድምፅ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም አልኩሽ!»

«እሺ፣ አይደለም እንበል። ልጄ የት ነው ታዲያ?»

የምትለቅመውን ምስር የያዘው ሰፌድ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በአፌ የማልታማ ሰው ነኝ፤ ገበያ ነው ያሳደገኝ። ያን ቀን ግን ያገኘሁት መልስ «ሥራ በዝቶበት ነው» የሚል ብቻ ነበር።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች። «ሥራ በዝቶበት ቆይቶ አሁን ደወለ።» ወደ ምስሯም ተመለሰች።

ቁጥሩን ዘጋሁት። በሌላ ቁጥር ደወለ። ያንንም ዘጋሁት፤ በሌላ መጣ። ሁልጊዜ የሚደውለው እኔ ሱቅ ስሆን ነው። ስልኳን ደብቄ አንድ ቀን ባውል እናቴ ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች። እሱ የደወለ ቀን ግን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ በእግሯ እስከ ልደታ ማርያም ሄዳ ቅዳሴ አስቀድሳ ትመለሳለች። ለክትትል ስወስዳት ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ ምን እያደረጋችሁላት ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ አለኝ። መሞቱን የደበቅንባት ልጇ እየደወለ ያድናታል ብዬ ልንገረው?

አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ፂማቸውን እያሻሹ ካዳመጡኝ በኋላ «ገንዘብ ጠየቃት?» አሉ።

«እስካሁን አልጠየቃትም።»

«እንግዲያው ምን ይጎዳል?» አሉ። ወዲያው የተናገሩት ለራሳቸውም ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አንስተው መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ቤት ዋልኩ። ጠብቄ ልሰማው፣ ስልኩንም ነጥቄ የእጁን ልሰጠው ነበር ሐሳቤ። ቀትር ላይ ጠራ። እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ የምታወራው ድምፁን ከፍታ፣ ደረቷ ላይ ይዛ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ሰማው።

«እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ልብሽስ?»

ቀዝቀዝ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። የጓሮው ኮክ አፈራ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ፍሬው አንሷል አለችው። ያን አገጬ ላይ ያለውን ጠባሳ ታስታውሻለሽ ብሎ ሳቀ፤ አጥር ላይ ወጥቶ የወደቀበትን ቀን እሷ ጨረሰችለት። የነገረችውን እየመለሰ ነው የሚነግራት። አወራሩ ግን እንደ ወንድሜ ነበር፤ ከመሳቁ በፊት አንዴ ዝም ይላል፣ ወንድሜም እንደዚያ ነበር። ወይም ያን ጊዜ እንደዚያ መሰለኝ።

«እህትህ ዛሬ እዚህ ናት» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«እህቴ» አለኝ። «ድምፅሽ ጠፋ።»

ያዘጋጀሁት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር። እናቴ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ልጆቿ ሲነጋገሩ ለመስማት አፌን አፌን ታያለች። ሌባ ብዬ ብጮህ ያን ጥያቄዋን ትደግምልኛለች። እንደገና ሥራ በዝቶበት ነው ልላት አልችልም።

«ደህና ነህ?» አልኩት።

ለሞተው ወንድሜ የተመኘሁትን ሰላምታ ለማላውቀው ሌባ ሰጠሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የት እንዳለሁ አትጠይቂኝም?» አለኝ።

«አልጠይቅህም።»

«ጥሩ» አለ።

ገብቶታል። እሱ አለመሆኑን እንደማውቅ ገብቶታል፤ አውቄም መናገር የማልችልበት አንድ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳለ ገብቶታል። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ቤት ብኖርም ባልኖርም ይደውል ጀመር። ስልኩ ሲጠራ ተከራያችን የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ታማትብ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ሌላ ነው። የወንድሜን ድምፅ ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣብኝ የዚያ ሰው ድምፅ ሆነ። ፈራሁና ወንድሜ በሕይወት ሳለ ስልኬ ላይ የላከልኝን የድምፅ መልእክቶች ከፍቼ አዳመጥኩ። እነሱ ናቸው የሌላ ሰው የመሰሉኝ። ቶሎ ዘጋኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትኳቸውም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የመጣበትን ነገር አወጣ። ዕቃውን ፖሊስ ይዞበታል፤ ስልክሽ ላይ በመልእክት ቁጥር ይመጣልሻል፣ እሱን አንብቢልኝ አላት። ለእህቴ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች ብሎም ጨመረላት። እናቴ ደቃቅ ጽሑፍ ስለማይታያት ስልኩን ይዛ ተከራያችን ጋ ሄደች። ተከራያችን መልእክቱን ስታይ ከባንክ የመጣ ነው፤ ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይነግሩ ይላል። ደነገጠችና «እማማ፣ ስልክዎ ባትሪ ጨርሷል» ብላ አጠፋችው። ከዚያ ሱቄ ድረስ ሮጣ መጣች።

እናቴ ባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ ወንድሜ ተመልሶ ሲያገባ ለሠርጉ የሚሆን ነው። ከፊት ለፊቱ ክፍል ኪራይ ስትለቅም የኖረችው ነው፤ ስትታመም እንኳ አልነካችውም። ባንክ ሄጄ በስልክ እንዳይንቀሳቀስ ዝጉልኝ ብል ባለቤቷ ራሷ ትምጣ አሉኝ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የልጄን የሠርግ ገንዘብ ልትቆልፊበት ነው? ወንድምሽ ሰው አገር ተቸግሮ አንቺ አንጀትሽ እንዴት አስቻለሽ?»

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«ልደታ ትለፍ። እኔ ራሴ ባንክ ሄጄ አውጥቼ እልክለታለሁ። ካንቺ ምንም አልፈልግም።»

እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። በሩን ዘግታብኝ ገባች። ውጭ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ነበር የሚበልጠው።

በማግስቱ አጎቴ ቤት ስገባ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አላልኩም። «ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይንገሯት፣ ወይ ዛሬውኑ እኔ እነግራታለሁ!»

«መርዶ በቁጣ አይነገርም፣ ልጄ።»

«በውሸትስ ይኖራል? ሌባው ሲደውል ልጅሽ ነኝ ይላታል፣ እኛ ደግሞ አለ እንላታለን። ምስክር የሆንነው ለሱ ነው።»

«ልደታ ትለፍ» አሉ በመጨረሻ። ልጮህ ስል እጃቸውን አነሱ። «የማርያም ለታ ድንኳን አልተክልም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

የልደታ ለት ሠፈራችን ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ ይበላል። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትልቅ ጥላ አሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስለቷ ነው። የልጄን ድምፅ ብታሰሚኝ ብላ ተስላ ነበር፤ ሰምታለችና ታስገባለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በየደጁ ለተቀመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ማርያም ልመናዬን ሰማችኝ እያለች አለፈች። ሴቶቹ እልል አሉላት። ካለፈች በኋላ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው አልተያዩም፤ ንፍሮውም ብዙ ሳይበላ ቀረ።

በማግስቱ አጎቴ ቃላቸውን ጠበቁ። ገና ሳይነጋ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። አክስቴ የዚያን ቀን ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ በሩን ስትከፍት ግቢው ሰው ሞልቶ አገኘችው። ሁለት ሴቶች ገብተው በግራና በቀኝ ቆሙላት፤ አጎቴ ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«እትዬ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጅዎ አርፏል።»

ሴቶቹ ጮኹ። ድንኳኑ ደጅ ላይ ተዘረጋ። እኔ የእናቴን ፊት ነበር የማየው። አልወደቀችም። የደገፏትን እጆች ቀስ አድርጋ ከላይዋ አነሳች።

«መቼ?» አለች።

«ቆየ፣ እትዬ። ከገና በፊት ነው። ስለ ጤናዎ ብለን ነው።»

እናቴ ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ፈገግ አለች። «ከትናንት ወዲያ አውርቶኛል እኮ» አለች። «ስለቱን እንዳትረሺ ያለኝ እሱ ነው።»

«ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?»

ለቅሶው መሐል ላይ ተንጠለጠለ፤ አንዳንዱ እንባውን እየጠረገ እናቴን ማየት ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ ጓደኞቹ የላኩልኝን የቀብሩን ቪዲዮ አሳየኋት። ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ነው፤ የማናውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ ሣጥኑ ተዘግቷል። ዓይኗን አጥብባ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ሣጥን ነው ያሳየሽኝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ተከራያችን ዞራ «ሰዎቹ በጠዋት ነው የወጡት፤ ሻይ አፍዪላቸው» አለች።

በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። ለቅሶ ተቀምጦ ሟቹን የሚጠብቅ ቤት ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ፍራሽ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ እናቴ መሐላቸው ነጭ ነጠላዋን እንደለበሰች እንግዳ እንደመጣላት ሴት ሻይ ቅዱ ትላለች። የሚያለቅስ ሲመጣ «ተው፣ ክፉ አታሟርትብኝ» ትለዋለች። አንዲት አሮጊት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» አሉኝ። ወንድሜን ከሠፈሩ ሰው ልብ ውስጥ እንኳ መቅበር አልቻልንም። እናቱ ካላለቀሰችለት ማን ሊያለቅስለት ነው? ደግሞ ነገ ተነስታ ባንክ ትሄዳለች፤ ያላትን ሁሉ አውጥታ ለዚያ ሰው ትልክለታለች፤ ከዚያ በኋላ እኛን ልጄ፣ ወንድሜ ብላ የምትጠራን አይመስለኝም ነበር።

ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ።

ልነጥቃት ተነሳሁ፤ እሷ ቀደመችኝ። ከጉያዋ አውጥታ፣ ድምፁን ከፍታ፣ እንደ ልማዷ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«እማዬ» አለ።

ድምፁን ሰምተው የማያውቁት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አጎቴ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ» አለች እናቴ። «ቤቴ ሰው ሞልቷል። ድንኳን ጥለዋል። ሞተሃል ነው የሚሉኝ። እኔ አላመንኳቸውም። አንተ ንገረኝ።»

ዝም አለ። ቤቱም ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መሐል አክስቴ መቻል ሲያቅታት ጥግ ላይ ሆና የወንድሜን ስም እየጠራች ማንጎራጎር ጀመረች፤ ሌሎቹም ቀስ እያሉ ተከተሏት። ያ ሰው ሲሰማን ይሰማኝ ነበር። «ውሸታቸውን ነው» ቢል በቃ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው። አለሁ ቢላት ገንዘቡን ይወስዳል፣ እሷንም ይወስዳታል፣ ወንድሜም ሳይለቀስለት ይቀራል። ጥርሴን ነክሼ ያቺን ቃል ጠበቅሁ።

ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው የወጣት ድምፅ፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው እንደሚለው ዝቅ ብሎ፣

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። «ነፍስ ይማር።»

ስልኩ ተዘጋ።

እናቴ ስልኩን ከደረቷ ላይ አንስታ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ አጠገቧ ላለችው ሴት ሰጠቻት። የተቀመጠችበትን ተደግፋ ብቻዋን ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች።